ልጆች ሰውን በቃል እንዲስሉ በቤት ማስተማር



ዝቋላ ሲባል ብዙ ሰው በዐይነ ኅሊናው የሚታየው በሸዋ ያለው፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም የሚገኝበት ተራራ ነው። የእኛ ዝቋላ ግን በዋግ ኽምራ ያለችው፣ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሲወረድ የምትገኘው ወረዳ ናት። ስሙ አንድ ነው፤ ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ግን የትኛውን እንዳልን አያውቅም። ገደሉን፣ ቆላውን፣ ፍየሉን፣ ማሩን፣ ሕዝቡ የሚናገረውን ቋንቋ ስንነግረው ያን ጊዜ ቦታው ይለይለታል።

የሰውም ነገር እንደዚሁ ነው። «አያቴ» የሚለው ቃል በየቤቱ አለ። የአንዱን ልጅ አያት ከሌላው ልጅ አያት የሚለያት ስሟ ሳይሆን መልኳ፣ አነጋገሯና ሥራዋ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንወያይበት ያሰብነው ርእስም ይኸው ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሆኑ ታናናሾቻችን የሰውን መልክና ጠባይ በጽሑፍ መግለጥ እንዲችሉ እኛ ታላላቆቻቸው በቤት ውስጥ እንዴት ልንረዳቸው እንችላለን?

፩. ነገሩ ምንድን ነው?

የአማርኛ መምህራን ድርሰትን ብዙ ጊዜ በአራት ይከፍሉታል፤ ተራኪ፣ ገላጭ፣ ሥዕላዊና አመዛዛኝ እያሉ። ሰውን በቃል መሳል ከሥዕላዊው ወገን ነው። ሠዓሊ በቀለም የሚያደርገውን ጸሐፊ በቃል ያደርገዋል። ልዩነቱ ሠዓሊው የውጭውን ገጽ ሲያሳይ ጸሐፊው ድምፅን፣ ልማድንና ጠባይንም ጨምሮ ማሳየት መቻሉ ነው።

አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ «ስለ አያትህ ጻፍ» ቢባል ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይጽፋል።

«አያቴ ጥሩ ሰው ናት። አያቴ ደግ ናት። አያቴ ትወደኛለች። እኔም አያቴን እወዳታለሁ።»

ዐረፍተ ነገሮቹ አልተሳሳቱም፤ አራት ነጥቡም በቦታው ነው። ነገር ግን ይህ ጽሑፍ የማን አያት እንደሆነች አይናገርም። ወረቀቱን ወስደን በጎረቤት ልጅ ስም ብናስቀምጠው የሚለወጥ ነገር የለም። ልጁ ያልጻፈው አያቱን ስለማያውቃት አይደለም። ከማንም በላይ ያውቃታል። የጎደለው የሚያውቀውን ነገር ለመጻፍ የሚበቃ ነው ብሎ አለማሰቡ ነው። እንግዲህ የእኛ ሥራ አዲስ ነገር ማስተማር ብቻ ሳይሆን ልጁ ያለውን እንዲያይ መርዳት ነው ማለት ነው።

፪. ስለ ምን በቤት?

«ይህ የመምህሩ ሥራ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በእርግጥ የመምህሩ ሥራ ነው። ሆኖም ቤት ይህን ሥራ መካፈል ያለበት ስለ ሦስት ምክንያቶች ነው።

አንደኛ፣ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ አልቆየም። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም በአገሪቱ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በከተማ ያለው ልጅ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ጥቂት ተረዳ፤ መብራት በሌለበት ገጠር ያለው ልጅ ግን ከብት ጥበቃ ወረደ። ትምህርት ቤቶቹ ተከፍተው ብዙ ሳይቆዩ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም የቆየው የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከአበርገሌ፣ ከዝቋላና ከሌሎችም ወረዳዎች ብዙ ቤተ ሰብ ተፈናቅሎ ወደ ሰቆጣና አካባቢዋ ተሰደደ። በ2015 ዓ.ም ደግሞ ድርቅ ተጨመረ። ከዚያው ዓመት ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት እንደገና ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። በ2012 ዓ.ም አንደኛ ክፍል የነበረ የአካባቢያችን ልጅ የአንደኛ ደረጃ ዕድሜውን ያሳለፈው በዚህ ሁሉ መካከል መሆኑን ልብ እንበል። ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት እንጠብቅ ካልን ልጅነቱ ግን አይጠብቀንም።

ሁለተኛ፣ ችግሩ በጦርነትና በበሽታ የመጣ ብቻ አይደለም። ገና በ2002 ዓ.ም በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ማንበብ ያስቸገረው ልጅ ስለ ማያውቀው ነገር ጻፍ ቢባል ይጨነቃል፤ ስለ እናቱ ጻፍ ቢባል ግን የሚለውን አያጣም። ራሱ የጻፈውን ደግሞ ማንበብ ይቀለዋል፤ ምን እንደሚል አስቀድሞ ያውቃልና።

ሦስተኛ፣ የሚጻፍለት ሰው ያለው በቤት ነው። ለሥዕላዊ ድርሰት ውድ መጽሐፍ አያስፈልግም። አያት ከምድጃው አጠገብ አለች፤ አባት ከእርሻ ሲመለስ ይታያል፤ ጎረቤት እሳት ልትጭር ትመጣለች።

በዚህ ላይ፣ ወጣት ተማሪ በመንደር ፊደል ማስቆጠሩ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም በእድገት በኅብረት ዘመቻ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ ገጠር ወርደው ነበር። በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም እየሰፋ ሄዶ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተካሂዷል። ያን ጊዜ ትልቅ መንግሥታዊ ዘመቻ አስፈልጎ ነበር። ዛሬ የምንለው ግን እያንዳንዳችን ለዕረፍት ቤታችን በገባን ጊዜ ለገዛ ታናሽ ወንድማችንና እኅታችን ልናደርገው የምንችለውን ነው።

፫. ከአባቶቻችን ምን እንማራለን?

ሰውን በቃል መሳል ከውጭ የመጣ ጥበብ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን «መልክዕ» የሚባለው የግእዝ ድርሰት ለዚህ ታላቅ ምስክር ነው። መልክዕ የቅዱሱን ስም በማሰብ ይጀምርና ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር እየወረደ ለእያንዳንዱ የአካል ክፍል ሰላምታ ያቀርባል። ከእርሱ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ሥርዓት ነው። ዓይን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ከአፍንጫ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ጆሮ አይዘልም። ለልጅም እንዲህ ያለ መንገድ ብናሳየው ምን እንደሚከተል አይጠፋበትም።

ቅዱስ መጽሐፍም ሰውን በጥቂት ቃል የመሳል ችሎታ ሞልቶበታል። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ላይ ያለውን ዘኬዎስን እናስብ። ቁመቱ አጭር መሆኑ የተነገረን ለጌጥ አይደለም፤ ዛፍ ላይ የወጣበት ምክንያት እርሱ ስለ ሆነ ነው። የዓይኑ ቀለም ግን አልተነገረንም፤ ለነገሩ አያስፈልግምና። በዚሁ ወንጌል በምዕራፍ 21 ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት ደግሞ ስሟም መልኳም አልተጻፈም። የተጻፈው አንዲት ሥራዋ ብቻ ነው፤ ሆኖም ከብዙ ባለጠጎች ይልቅ እርሷን እናውቃታለን። እንግዲህ ሁለት ትምህርት አገኘን። ስለ መልክ ስንጽፍ ለነገሩ የሚጠቅመውን እንምረጥ፤ ጠባይን ልናሳይ ስንወድ ደግሞ ሥራን እንናገር።

ከዘመናዊ ድርሰቶቻችን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እናንሣ። ጉዱ ካሣ የሚባለው ሰው በአንባቢ ልብ የቀረው በመልኩ አይደለም። በአነጋገሩና ከአካባቢው ልማድ ጋር ባለመስማማቱ ነው። ሕዝቡ ያወጣለት ቅጽል ስም ራሱ አንድ መግለጫ ነው፤ ስሙን ስንሰማ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ሰዎች በምን ዓይን ይመለከቱት እንደነበረም እንረዳለን። ይህን መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰሙ ታላላቆቻችን ድምፁን ሲሰሙ ማን እየተናገረ እንደሆነ ይለዩ እንደነበር ይነግሩናል። ለካስ አነጋገርም መልክ አለው።

በሩቅ አገርም ይህንኑ የተረዳ ሰው ነበር። ሩሲያዊው ደራሲ ሌዎ ቶልስቶይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 በትውልድ ቦታው በያስናያ ፖልያና ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1862 በጻፈው ጽሑፍም ከልጆቹ ጋር አንድ ታሪክ አብረው ሲደርሱ የሆነውን ይነግረናል። ከታሪኩ ሰዎች አንዱ ወደ ቤት ሲገባ የሴት የበግ ለምድ ለብሶ ይታይ ብሎ ያሰበው ከልጆቹ አንዱ ነበር። ቶልስቶይ እጅግ ተደነቀ። በአንዲት ልብስ የሰውየው ድህነት፣ የቤቱ ኑሮና መላ ሁኔታው ታየ። ታላቁ ደራሲ ከዚያ ወዲህ የጠየቀው ጥያቄ የገበሬ ልጆች ከእኛ ይማሩ ወይስ እኛ ከእነርሱ የሚል ነበር። የዝቋላ እረኛም የሚያየው ነገር ከዚያ ልጅ አያንስም።

፬. አምስቱ በሮች

ወደ አንድ ሰው ጠባይ መግቢያ አምስት በሮች አሉ። ልጁ ሁሉንም በአንድ ቀን አይከፍትም፤ በየጊዜው አንድ በር ይበቃዋል።

ሀ) መልክ፤ ቋንቋችን ለመልክ ብዙ ቃል አለው። ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ዘለግ ያለ፣ ደልደል ያለ፣ ሰልካካ፣ ጎራዳ፣ ፍንጭት፣ ሪዛም፣ ገባ ያለ ዓይን፣ ወዘተ. ልጁ «ቆንጆ» ከሚለው ቃል ወጥቶ ከእነዚህ አንዱን እንዲመርጥ እናድርገው።

ለ) ልብስና ዕቃ፤ አንድ ሰው ሁልጊዜ የሚይዘው ነገር ብዙ ይናገራል። የአባት በትር ጫፉ ምን ያህል አልቋል? የእናት ነጠላ ጫፍ ለምን ተቋጠረ? የንብ ቀፎ የሚቆርጠው አጎት ልብሱ ምን ምን ይሸታል?

ሐ) አነጋገር፤ አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ብለዋል። እያንዳንዱ ሰው የሚደጋግማት ቃል አለችው። አንዱ ነገሩን ሁሉ በመሐላ ይጀምራል፤ ሌላው ከመመለሱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል። ልጁ ያችን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገባት።

መ) ሥራ፤ ይህ ዋናው በር ነው። «ደግ ናት» ባለ ጊዜ «በምን አወቅህ?» ብለን እንጠይቀው። «ሰነፍ ነው» ባለ ጊዜም እንዲሁ። በዚህ ትምህርት ከአንድ መቶ ማብራሪያ ይልቅ ይህች አንዲት ጥያቄ ትበልጣለች።

ሠ) ሌሎች የሚሉት፤ ጎረቤት ምን ይላታል? ልጆች ሲያዩት ይሮጡለታል ወይስ ይሸሹታል? በሬው እንኳ ድምፁን ሲሰማ ምን ያደርጋል?

አሁን ከላይ ያየነውን ልጅ «በምን አወቅህ?» እያልን ከጠየቅነው በኋላ የሚጽፈውን እንመልከት።

«አያቴ አጭርና ቀጭን ናት። ስትሄድ ጎንበስ ትላለች፤ ስትናገር ግን ቀና ትላለች። የነጠላዋን ጫፍ ሁልጊዜ ትቋጥረዋለች። በቋጠሮው ውስጥ ለእኛ የምትሰጠን ቆሎ አለ። የማሽላ እንጀራ ስትጋግር የመጀመሪያውን አትበላውም። ለመንገደኛ ታስቀምጠዋለች። ማንም ባይመጣ እስኪመሽ ትጠብቃለች። ጎረቤቶቻችን የእርሷ ቤት በር መዝጊያ የለውም ይላሉ።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ደግ» የሚል ቃል የለም። ያነበበው ሰው ግን ደግ መሆኗን ራሱ ይናገራል። ይህን ወረቀት በሌላ ልጅ ስም ልናስቀምጠው አንችልም፤ የዚያች አንዲት ሴት ነውና።

፭. የስድስት ምሽት ትምህርት

በቤት ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት እንደ ክፍል ትምህርት ደወል የለውም። ከእራት በፊት ወይም በኋላ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። እኛ የምንመክረው አካሄድ የሚከተለው ነው።

የመጀመሪያው ምሽት የእንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!» የሚለውን ጨዋታ የማያውቅ ልጅ የለም። እንቆቅልሽ ማለት ስም ሳይጠሩ መግለጥ ነው። ዛሬ ግን መልሱ ዕቃ ሳይሆን ከሰፈሩ ሰው አንዱ ይሁን። «ከሁላችን በፊት ይነሣል፤ በሩን ከመክፈቱ በፊት ያስላል፤ ውሻው ድምፁን ሲሰማ ጅራቱን ይቆላል» ቢባል ልጆቹ «አባባ!» ይላሉ። ያላወቀው «አገር ስጠኝ» ይባላል። በዚህ ጨዋታ ልጁ የትኛው ምልክት ሰውን እንደሚለይና የትኛው ለሁሉ እንደሚሆን ሳይታወቀው ይማራል። «ሁለት ዓይን አለው» ያለ ልጅ ራሱ ይስቃል።

ሁለተኛው ምሽት የማየት ነው። ልጁ አንድ ሰው መርጦ ቀኑን ሙሉ እጁን ብቻ ይመልከት። ማታ ያየውን ሦስት ነገር ይንገረን።

ሦስተኛው ምሽት የመጠየቅ ነው። ወደ መረጠው ሰው ቀርቦ በአክብሮት አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ለምሳሌ «በእኔ ዕድሜ ሳሉ ምን ይሠሩ ነበር?» ብሎ። በዚህ ጊዜ ልጁ የ1977 ዓ.ም ክፉ ቀን ትዝታም ሊሰማ ይችላል። እንዲያ ከሆነ አናቋርጠው፤ አብረነው እንስማ።

አራተኛው ምሽት የመናገር ነው። ምንም ሳይጻፍ ልጁ ያየውንና የሰማውን በቃሉ ይናገር። እኛ «ከዚያስ?» እያልን እንርዳው።

አምስተኛው ምሽት የመጻፍ ነው። ደብተር ከሌለ ጠፍጣፋ ድንጋይና ከሰል፣ ወይም የካርቶን ቁራጭ ይበቃል። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሦስት ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ያልቻለውን እርሱ እየነገረን እኛ እንጻፍለትና ይገልብጠው። የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጅ ከአምስት እስከ ስምንት ዐረፍተ ነገር ያለው አንድ አንቀጽ ይጻፍ። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ገጽ ላይ ጠባዩን የሚያሳይ አንድ ድርጊት ጨምሮ ይጻፍ።

ስድስተኛው ምሽት የማንበብ ነው። ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ እያለ ልጁ ስም ሳይጠራ ያንብብ፤ ሰሚዎቹ ማን እንደሆነ ይወቁ። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች በዚህ ምሽት ዋና መምህራን ናቸው። «አይ፣ እርሷ እንኳ ቡና ስትቆላ እንዲህ ነው የምትለው» ብለው ሲያርሙ ልጁ ከማንም መምህር የማያገኘውን እርማት ያገኛል።

፮. ስለ ቋንቋ

በዋግ ብዙ ልጅ በቤቱ ኽምጣና ይናገራል፤ በአማርኛ ደግሞ በገበያና በትምህርት ይጠቀማል። የ1986 ዓ.ም የትምህርት ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፍቷል፤ ኽምጣናም በግእዝ ፊደል እየተጻፈ ትምህርት ቤት ገብቷል። ስለሆነም በአራተኛው ምሽት ልጁ በየትኛው ቋንቋ ይናገር የሚለው አያከራክረንም፤ ከአያቱ ጋር በሚነጋገርበት ይናገር። አያቱ በኽምጣና የምትለውን ቃል በአማርኛ ሲያጣ «ተወው» አንበለው። ቃሉን እንዳለ ይጻፈውና ትርጉሙን ከጎኑ ያስረዳ። ሁለት ቋንቋ ያለው ልጅ ሁለት የቀለም ዕቃ ያለው ሠዓሊ ነው።

በአማርኛ ሲጽፍ ደግሞ ሁለት ነገር እናስተምረው። አንደኛው «አለ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚሄዱት ቃላት ናቸው፤ ፈገግ አለ፣ ኮስተር አለ፣ ጎንበስ አለ፣ ዝም አለ፣ ደንገጥ አለ፣ ቅልስልስ አለ። እነዚህ ቃላት የሰውን ሁኔታ በአንዴ ያሳያሉ። ልጁ በአፉ ይጠቀምባቸዋል፤ በጽሑፍ ግን ይረሳቸዋል። ሁለተኛው የአክብሮት አነጋገር ነው። ስለ ቄሱ ወይም ስለ ሽማግሌ ሲጽፍ «መጡ፣ ተቀመጡ» ብሎ ጀምሮ መካከል ላይ «ሄደ» እንዳይል እናሳስበው። አያቱን በቤት «አንቺ» የሚል ከሆነ «እርሷ» ብሎ ይጻፍ፤ «አንቱ» የሚል ከሆነ «እርሳቸው» ይበል። ራሱ ይህ ምርጫ በልጁና በሰውየው መካከል ያለውን ነገር ይገልጣል።

፯. ስለ እርማት

ልጁ ወረቀቱን ሲሰጠን በመጀመሪያ የምንናገረው ስለ ፊደሉ አይሁን። መጀመሪያ ካነበብነው ውስጥ ሰውየውን ያሳየችንን አንዲት ዐረፍተ ነገር መርጠን «እዚህ ላይ አየኋቸው» እንበለው። ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅ። ሀሌታውን «ሀ»ና ሐመሩን «ሐ»፣ እሳቱን «ሰ»ና ንጉሡን «ሠ» መለየት ደግ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ምሽት ሃያ ስሕተት በቀይ ብናሰምርበት ልጁ በሚቀጥለው ምሽት ሃያ ሳይሆን አንድም ቃል አይጽፍም። አራት ነጥብ ዛሬ፣ ነጠላ ሰረዝ በሚቀጥለው ሳምንት፣ ትእምርተ ጥቅስ ከዚያ በኋላ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሌላው ደግሞ ብዕሩን ከልጁ እጅ አለመውሰድ ነው። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተማርነውን ረጅም ቃል ልናስገባለት እንፈተናለን። «የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች» የሚለውን ሰርዘን «ቆጣቢነት የተላበሰች ናት» ብንለው ጽሑፉ ያማረ ይመስለናል፤ ነገር ግን አያቲቱ ከወረቀቱ ላይ ጠፋች ማለት ነው።

፰. ልንጠነቀቅበት የሚገባ

ሰውን መግለጥና ሰውን ማማት ይለያያሉ። ልጅ ያየውን ሁሉ ይናገራል፤ ስለዚህ ወሰኑን እኛ ልናሳየው ይገባል። የሰውን የአካል ጉዳት መሳቂያ ማድረግ፣ የጎረቤትን ምስጢር መጻፍ፣ ሰውን በሥራው ወይም በዘሩ መስደብ ነውር ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ «ይህን ወረቀት እርሳቸው ባሉበት ድምፅህን ከፍ አድርገህ ታነበዋለህን?» ብለን እንጠይቀው። አዎን ካለ መግለጫ ነው፤ ካፈረ ሐሜት ነው። እንዲህ ስንል ግን ልጁ ምስጋና ብቻ ይጻፍ ማለታችን አይደለም። አባት ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ መቆጣቱም፣ ከተቆጣ በኋላ ዝም ብሎ የልጁን ጫማ መጠገኑም ይጻፍ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ሰው የሚሆነው።

በተለይ በጦርነቱ ጊዜ አባቱን፣ ወንድሙን ወይም መምህሩን ያጣ ልጅ በመካከላችን ሊኖር ይችላል። እርሱን ስለሌለው ሰው ጻፍ ብለን አናስገድደው። ራሱ ከመረጠ ግን አንከልክለው። አጠገቡ ተቀምጠን እንስማው፤ ወረቀቱንም ሳናርም እንጠብቅለት። አንዳንድ ጽሑፍ ለእርማት አይደለም የሚጻፈው።

ማጠቃለያ

ስለ አገራችን በብዛት የሚጻፈው ቁጥር ነው። በ1977 ዓ.ም ስለ ረኃብ ተጻፈ። በ2007 ዓ.ም መንግሥት እስከ 2022 ዓ.ም ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰየመ። ከዚያም ስለ ተፈናቃይ፣ ስለ ድርቅ፣ ስለ እርዳታ ተጻፈ። እነዚህ ጽሑፎች ያስፈልጋሉ፤ ዳቦና መድኃኒት የሚመጣው በእነርሱ ነውና። ነገር ግን በእነዚያ ገጾች ውስጥ የመጀመሪያውን እንጀራ ለመንገደኛ የምታስቀምጠው ሴት የለችም። እርሷን ሊጽፋት የሚችለው ከምድጃዋ አጠገብ የሚቀመጠው የልጅ ልጇ ብቻ ነው።

በመንደሮቻችን ፎቶግራፍ ተነሥተው የማያውቁ ብዙ ሽማግሌዎች አሉ። ሲያልፉ መልካቸው የሚቀረው በሚያስታውሳቸው ሰው ልብ ብቻ ነው፤ ያም ሰው በተራው ያልፋል። የአራተኛ ክፍል ልጅ በካርቶን ቁራጭ ላይ የጻፈው አንድ አንቀጽ ከእነርሱ የሚቀር ብቸኛ ሥዕል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሚመጣው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ ከመጽሐፎቻችን ጋር አንድ እርሳስና አንድ ደብተር ለታናናሾቻችን ይዘን እንግባ። ቀሪው ነገር በቤታችን አለ።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ካሉት ሰዎች የአንዱን ጠባይ «ጥሩ» እና «መጥፎ» የሚሉትን ቃላት ሳትጠቀሙ በሦስት ዐረፍተ ነገር ግለጡ።

2. ዘኬዎስና የመበለቲቱ ታሪክ ሰውን ስለ መግለጥ ምን ያስተምሩናል? ከቅዱስ መጽሐፍ ሌላ ምሳሌ ፈልጉ።

3. በመግለጥና በማማት መካከል ያለውን ልዩነት ለአንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ እንዴት ታስረዱታላችሁ?

4. ለሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዱ አባል አንድ ሕፃን የጻፈውን ወይም እየነገረ ያስጻፈውን አንድ አንቀጽ ይዞ ይምጣ። የሰውየው ስም አይጠራ፤ እኛ እንወቀው።